ከድንኳን በታች፦ የፕላስቲክ ወለል ሥራ ማስታወሻ፣ ድሬዳዋ 2017

ጥር 5

ታይሉ ዛሬ ማታ ገባ። ከአዲስ አበባ በጭነት መኪና፣ በ18 ማዳበሪያ ታጭቆ። ያገለገለ ነው። የድግስ ዕቃ ያከራይ የነበረ ሰው ሥራ ሲቀይር የሸጠልን ነው።

ሂሳቡ፦ ታይል 1,000 ፍሬ በ140 ብር፣ ጠርዝ (የወለሉን ጎን የሚዘጋ ቁራጭ) 120 ፍሬ በ70 ብር፣ ማጓጓዣ 3,500 ብር። ድምር 151,900 ብር። የዕቁቡ ገንዘብ በሙሉ እዚህ ገባ።

ድንኳን፣ ወንበርና ምንጣፍ ስናከራይ አራት ዓመታችን ነው። አምና አንድ ሠርግ ላይ ምንጣፉን ጠጠር ላይ ዘረጋነው። የሙሽራው አያት ከምንጣፉ ሥር ያለ ድንጋይ አደናቀፋቸውና ወደቁ። ክንዳቸው ተሰበረ። ቤተሰቡ አንድም ክፉ ቃል አልተናገረንም። እኔ ግን ከዚያ በኋላ ምንጣፍ በዘረጋሁ ቁጥር እሳቸው ይታዩኛል። ወለል መግዛት የፈለግኩት ለዚህ ነው።

ጥር 6

ከታናሽ ወንድሜ ጋር ቆጠርን። 1,000 የተባለው 996 ሆነ። ከዚያ ውስጥ 11ዱ መንጠቆአቸው ተሰብሯል። ጤነኛው 985 ነው።

አንዱ ታይል 30.5 ሳንቲ ሜትር በ30.5 ነው። ከፍታው 1.3 ሳንቲ ሜትር። ላዩ ውኃ የሚያሳልፉ ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉት። ሥሩ የማር ሰፈፍ የመሰለ እግር ነው። በሁለት ጎኑ ቀለበት አለው፣ በሁለት ጎኑ ደግሞ መንጠቆ። እኛ ቀለበቱን ሴቴ፣ መንጠቆውን ወንዴ ብለነዋል። ከሥሩ ባለ ሦስት ማዕዘን ምልክት ውስጥ 5 ቁጥር ተጽፏል። ፖሊፕሮፒሊን የሚባል የፕላስቲክ ዓይነት ማለት ነው። ይህቺ ቁጥር በኋላ ብዙ ጠቅማናለች።

አንድ ካሬ ሜትር 11 ታይል ገደማ ይፈልጋል። 30 በ32 ብናደርገው 960 ታይል ይገባል፣ 89 ካሬ ሜትር ይሆናል፣ 25 መጠባበቂያ ይተርፋል። የኛ ትልቁ ድንኳን ሥር ልክ ነው።

ጠርዙ ላይ ግን ተሸውደናል። ጠርዝም እንደ ታይሉ ወንዴና ሴቴ አለው። እያንዳንዱ ዓይነት 62 ያስፈልገን ነበር። ማዳበሪያውን ስንፈታ 90 ወንዴ፣ 30 ሴቴ ወጣ። ስንገዛ ድምሩን ብቻ ነው የጠየቅነው። ያገለገለ የሚገዛ ሰው ጠርዙን በዓይነት ለይቶ ይቁጠር።

ወንድሜ ወረቀት ላይ ሲስል ቆየና መላ አመጣ። ሴቴ ጠርዝ የሚፈልጉት ሁለት ጎኖች ናቸው፣ የ30ውና የ32ቱ። የ30ው ጎን ባሉን 30 ጠርዞች ይዘጋል። የ32ቱን ጎን ሁልጊዜ ወደ ግድግዳ ወይም ወደ ሙሽሮች መድረክ እናዞረዋለን። እዚያ በኩል ሰው አይገባም።

ጥር 7

ሳቢያን ባለው ግቢያችን ሙከራ። አራት ሰው፣ አምስት ሰዓት ፈጀ። ውጤቱ መጥፎ ነው።

መጀመሪያ ከየትኛው ጥግ እንደሚጀመር አላወቅንም። ወንዴውን ወደ ፊት አድርገን ስለጀመርን፣ ቀጣዩን ታይል ለማስገባት ያለፈውን ማንሳት ግድ ሆነ። ግማሽ ከሄድን በኋላ ነው የገባን። ሴቴው ወደምትሄድበት አቅጣጫ መዞር አለበት። አዲሱ ታይል ከላይ መጥቶ መንጠቆው ቀለበቱ ውስጥ ይወድቃል፣ በእግር ወይም በጎማ መዶሻ ስትጫነው ቀጭ ይላል። ድምፁ ካልተሰማ አልገባም ማለት ነው። አሁን ሠራተኞቹም ጆሯቸውን ለምደውታል።

ሁለተኛው ጣጣ መሬቱ ነው። ጠረግነው እንጂ አላስተካከልነውም። ስንራመድበት እዚህ ይነሳል፣ እዚያ ይሰምጣል። ስድስት መንጠቆ ተሰበረ። ጤነኛ፦ 979።

ጥር 9

ጎረቤታችን ጋሼ ጡረታ የወጡ ግንበኛ ናቸው። በበር ሲያልፉ አይተው ገቡ። ወለሉን በከዘራቸው መታ መታ አደረጉትና "እናንተ የምትሠሩት ላዩን ነው። ታቹ ሳይተካከል ላዩ እንዴት ብሎ ይተካከላል?" አሉ። ከቤታቸው ስታጃ (ረጅም፣ ቀጥ ያለ የአሉሚኒየም ዘንግ) እና ሊቬላ (ውኃ ልክ) ይዘው መጡ። ስታጃውን መሬት ላይ ሲያጋድሙት ከሥሩ እጅ የሚያስገባ ክፍተት ታየ። እኛ በዓይናችን ለጥ ያለ ሜዳ መስሎን ነበር።

አሸዋ አመጣን፣ ግማሽ ቢያጆ። አራት ሳንቲ ሜትር አድርገን ደለደልነውና ታይሉን ላዩ ላይ አነጠፍን። የባሰ ሆነ። የታይሉ እግር ቀጭን ስለሆነ ልል አሸዋ ውስጥ ይሰምጣል። ሰው በሄደበት ሁሉ ወለሉ እንደ ፍራሽ ይጎደጉዳል። አሸዋውም በቀዳዳዎቹ ወደ ላይ ወጣ።

ጋሼ የመከሩን ሁለተኛው መንገድ ሠራ። አሸዋውን ጉድጓድ ለመሙላት ብቻ መጠቀም፣ ከሁለት ሳንቲ ሜትር እንዳያልፍ። ውኃ አርከፍክፎ በእንጨት መጠቅጠቂያ ደህና አድርጎ መጠቅጠቅ። በስታጃ እየጎተቱ ማስተካከል። በላዩ አሮጌ የድንኳን ሸራ መወጠር። ታይሉ ከዚያ በኋላ። ሸራው እግሩን ከመስመጥ ይይዘዋል፣ አሸዋውንም ከታች ያስቀረዋል። ፍጹም ለጥ ያለ አይደለም። ግን አይረግብም። ሻይ የሞላ ብርጭቆ ይዤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄድኩበት፣ አልፈሰሰም።

ካሬውን የምንጠብቀው በሲባጎ ነው። ከጥጉ በአንዱ ጎን 3 ሜትር፣ በሌላው 4 ሜትር እንለካለን። በመካከላቸው ያለው አግድም 5 ሜትር ከመጣ ጥጉ ልክ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ረድፎች ከተጣመሙ 30ኛው ረድፍ ላይ ድንኳኑ ውስጥ አይገባም።

ለመሣሪያ የወጣ፦ የጎማ መዶሻ ሁለት 900፣ ሲባጎ 80፣ ጠፍጣፋ ካቻቢቴ 150፣ አሸዋ ከነማውረጃው 3,000 ብር።

ጥር 18፣ እሑድ

የመጀመሪያ ሥራ፣ ገንደ ቆሬ፣ ሠርግ። ኪራይ 7,000 ብር። ቅዳሜ ከሰዓት መሬቱን አዘጋጀን፣ ሦስት ሰዓት። ታይሉን ማንጠፍ ሁለት ሰዓት ተኩል። ሁለት መንጠቆ ተሰበረ። 977።

ጥሩው ነገር፣ አንዲት እናት በከዘራ እየተደገፉ ገብተው እስከ መድረኩ ድረስ ማንም ሳይዛቸው ሄዱ። ድንኳኑ ጥግ ቆሜ እስኪቀመጡ ድረስ ዓይኔን አልነቀልኩም።

ቅሬታም መጣ። ወጣቶቹ ጭፈራ ሲጀምሩ ወለሉ ይጮኻል። ቀጭ ቀጭ፣ ቷ ቷ። ከሥሩ ባዶ ስለሆነ እንደ ከበሮ ነው። ሁለተኛ፣ የአንዲት ሚዜ ቀጭን ታኮ ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ ተያዘ። አልወደቀችም። ከዚህ በኋላ የጭፈራው ቦታ ከታችም ከላይም ምንጣፍ ይኖረዋል። የታችኛው ድምፁን ይቀንሳል፣ የላዩ ታኮውን ይይዛል።

ጥር 25፣ እሑድ

ከዚራ። ግቢው ሲሚንቶ ስለሆነ አሸዋም ሸራም አላስፈለገም። ቀላል ሥራ ነው ብለን ነበር የሄድነው።

ንጋት 12 ሰዓት ጀመርን። ብርድ ነበር። በሁለት በኩል ግድግዳ አለ። ቦታ እንዳይባክን ብለን ታይሉን ከሁለቱም ግድግዳ ጋር አጣበቅነው። የድንኳኑ ሰዎች ዘገዩ። ወለሉ ያለ ጥላ ፀሐይ ሲመታው ዋለ። ሰባት ሰዓት ላይ ወንድሜ ስልክ ደወለ። "አቦ ቶሎ ነይ፣ ወለሉ ተነስቷል።"

ስደርስ ከመካከሉ እንደ ኮርቻ አብጧል። ሲረግጡት ይሰምጣል፣ ሲለቁት ይነሳል። ከፍ ያለው ቦታ አንድ ስንዝር ይሆናል። ሰባት መንጠቆ ተገንጥሏል።

በግድግዳው በኩል ሁለት ረድፍ ስንነቅል ወለሉ ራሱ ተኛ። ያኔ ነገሩ ገባን። ፕላስቲክ ሲሞቅ ይረዝማል። ፖሊፕሮፒሊን በአንድ ዲግሪ ሙቀት ለእያንዳንዱ ሜትር ከ0.1 እስከ 0.15 ሚሊ ሜትር ይረዝማል። የኛ ረጅሙ ጎን 9.76 ሜትር ነው። ንጋት ላይ ከነበረው ቅዝቃዜ እስከ ቀትር ፀሐይ ታይሉ ራሱ 40 ዲግሪ ቢሞቅ፣ ከ4 እስከ 6 ሳንቲ ሜትር መሄጃ ይፈልጋል። በየመጋጠሚያው ያለው ትንሽ ልቀት የተወሰነውን ይውጣል። የቀረው ግን መውጫ ካጣ ወደ ላይ ይነሳል። ጥር የድሬ ብርድ ነው ቢባልም ቀትሩ ያው የድሬ ቀትር ነው።

ሙሽሮቹ ሲመጡ ወለሉ ሁለት ረድፍ ጎድሎ ነበር። ከኪራዩ 2,000 ብር መለስንላቸው። ጤነኛ፦ 970።

ከዛሬ ጀምሮ፦ በየጎኑ ቢያንስ 5 ሳንቲ ሜትር ክፍት። ክፍተቱን በመጋረጃ ጨርቅ መሸፈን። ወለሉን በሁለት ተቃራኒ ጫፍ በምስማር አለመያዝ። የድንኳን ምሰሶ በወለሉ ውስጥ የሚያልፍ ከሆነ ዙሪያውን ሰፋ አድርጎ መተው። ከሁሉም በፊት ደግሞ ድንኳኑ መጀመሪያ ይተከል፣ ወለሉ ጥላ ካገኘ በኋላ ይነጠፍ።

ጥር 27

ልኬቱን በራሴ ማየት ፈለግኩ። ግቢያችን ውስጥ አንድ ረድፍ 32 ታይል ያለ ጥላ አነጠፍኩ። በአንድ ጫፍ ድንጋይ፣ በሌላው ጫፍ በጠመኔ መስመር። ንጋት 12 ሰዓትና ቀትር 8 ሰዓት ላይ አየሁ። ከመስመሩ 3 ሳንቲ ሜትር አልፎ ሄዷል። ጋሼም መጥተው አዩት። የባቡር ሐዲድ ሲዘረጋም ብረቱ እንዳይጣመም በመገጣጠሚያው ክፍተት ይተዉ እንደነበር ነገሩኝ። የባቡር ከተማ ልጅ ሆኜ ይህን ሳላስብ መቅረቴ ቆጨኝ።

የካቲት 2፣ እሑድ

ሠርግ፣ 8,000 ብር። ወለሉ ጸጥ ብሎ ዋለ። ክፍተቱ ሠርቷል።

ማታ ግን የቡና ከሰል ወደቀ። ቡና የምታፈላዋ ልጅ ምድጃውን ወለሉ ላይ አስቀምጣ ነበር። አንዷ ፍም ተንከባለለች። እስክትነሳ ሦስት ታይል አቅልጣለች። ይህ ፕላስቲክ 160 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል፣ ፍም ከዚያ እጅግ ይበልጣል። ሊቀጣጠልም ይችል ነበር። ሳስበው አሁንም ሆዴ ይረበሻል። 967።

እሷን ማንም ሊቆጣት አይገባም። ቡና የሌለበት ድግስ የለም፣ ቦታ ማዘጋጀት የኛ ሥራ ነበር። ከእንግዲህ በአንድ ጥግ 4 በ4 ታይል ሳናነጥፍ እንተዋለን። መሬቱ ላይ አሸዋ፣ በላዩ ቆርቆሮ፣ ዙሪያውን ጠርዝ። ትርፍ የሆኑት ወንዴ ጠርዞች እዚህ ጥቅም አገኙ። አንድ ባልዲ ውኃም አጠገቡ ይቀመጣል።

የካቲት 5

አንድ ደንበኛ ድግሱን ደቻቱ አሸዋ ላይ፣ ከወንዙ ዳር እናድርግ አሉ። ቦታው ሰፊ ነው፣ ኪራይ የለውም፣ አሸዋውም ራሱ የተስተካከለ ነው አሉ። ዝናብ የለም፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው።

እምቢ አልኩ። በአክብሮት፣ ግን እምቢ። ደቻቱ ከተማው ላይ ሳይዘንብ ነው የሚሞላው። ላይ ተራራው ላይ የዘነበው ነው ወደኛ የሚወርደው። በ1998 ክረምት ሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል። ይህ ፕላስቲክ ከውኃ የቀለለ ነው፣ ውኃ ሲገባበት ይንሳፈፋል። ወለሉ ሲንሳፈፍ ላዩ ላይ ያለው ሰው የት ይሆናል? ሰውዬው ትንሽ ዝም አሉና "ልክ ነሽ፣ የኔ ልጅ" አሉኝ። ድግሱ ትምህርት ቤት ግቢ ተደረገ። ለዚያ ቀን የወለል ኪራይ አልወሰድንም፣ ድንኳን ብቻ።

ከየካቲት 17 እስከ መጋቢት 15

ዘንድሮ ዐቢይ ጾምና ረመዳን አንድ ላይ ገቡ። ሠርግ የለም። ድሬ ላይ ሁለቱም ቤት ሲጾም የድንኳን ሥራ ይቆማል። የጥገና ጊዜ ሆነ።

እጥበት። ሁሉንም ወደ አንድ ላቫጆ ወሰድን። በግፊት ውኃ ማጠብ ፈጣን ነው፣ በአንድ ቀን አለቀ፣ 2,500 ብር። ከታይሉ እግር መካከል የወጣው ነገር ብዙ ነው። የጫት ገረባ፣ የቆሎ ገለባ፣ የአበባ ቅጠል፣ የሁለት ልጆች የጆሮ ጌጥ። (ጌጦቹን ለባለቤቶቹ መልሰናል።) ስኳር ያለው ሻይ በቀዳዳው ወርዶ ስለደረቀ ጉንዳን መጋዘኑን ወርሮት ነበር። አሁን ከድግስ በመጣ ማግስት በባልዲ ውኃ እናልፈዋለን። እስከ ሳምንቱ ከቆየ ይደርቃል፣ ከዚያ በካቻቢቴ ጫፍ ነው የሚለቀመው።

የወጥ ቅባት በሞቀ ውኃና በዱቄት ሳሙና ይለቃል። የእርድ ቢጫ ግን አልለቅ አለ። በረኪና ሞከርን፣ ፈዘዝ አለ እንጂ አልጠፋም። እነዚያን 20 ታይሎች ለይተን ምንጣፍ ሥር እናደርጋቸዋለን።

የድሬ ውኃ ኖራ ይበዛዋል፣ ሁላችንም ጀበናችን ውስጥ እናውቀዋለን። ታጥቦ ፀሐይ ላይ የደረቀው ታይል ነጭ ነጠብጣብ ያዘ። አቼቶ በውኃ በጥብጠን በጨርቅ ስንጠርገው ለቀቀ። ለ900 ታይል ግን ብዙ አቼቶ ነው። አሁን ካጠብን በኋላ በደረቅ ጨርቅ እናብሰዋለን፣ ጥላ ውስጥ እናቆመዋለን።

የመንጠቆ ጥገና። 26 ታይል መንጠቆው የተሰበረ አለን። ከግዢው 11፣ ከሙከራው 6፣ ከገንደ ቆሬ 2፣ ከከዚራ 7። በመጀመሪያ ማስቲሽ ሞከርኩ። ሦስት ዓይነት። ሁሉም ሲደርቁ ይይዛሉ፣ በእጅ ስትጫናቸው እንደ ቅርፊት ይላቀቃሉ። ያቺ 5 ቁጥር እዚህ ጋ ነው የጠቀመችን። ፖሊፕሮፒሊን ማጣበቂያ የሚቀበል ፕላስቲክ አይደለም። የሚያያዘው በሙቀት ከራሱ ዓይነት ጋር ነው።

የሬዲዮ ጠጋኝ መበየጃ ተዋስን። ከቀለጡት ሦስት ታይሎች ቀጭን ቁራጭ እየቆረጥን፣ የተሰበረውን ቦታና ቁራጩን አንድ ላይ አቅልጠን አያያዝን። ቀስ ብሎ መሆን አለበት። ካጨሰ በጣም ሞቋል ማለት ነው፣ ይከስላል። መስኮት ከፍተን ነው የሠራነው። ወንድሜ በቀን ሦስት ይጨርሳል። ከ26ቱ 17ቱ ዳኑ። እነሱን መካከል ላይ ሳይሆን ጠርዝ አካባቢ፣ ሰው በማይበዛበት እናስገባለን። ጤነኛ፦ 984።

ነቀላም ተማርን። የተሰበሩት ግማሾቹ ሲነጠፉ ሳይሆን ሲነቀሉ ነው የተሰበሩት። ሠራተኛ ይደክመዋል፣ ሌሊት ነው፣ አንዱን ይዞ ወደ ጎን ይጎትታል። መንጠቆው ግን ወደ ላይ ብቻ ነው የሚወጣው። አሁን መጨረሻ ላይ ከገባው ጥግ እንጀምራለን፣ ጠፍጣፋ ካቻቢቴ ከሥሩ እናስገባለን፣ ቀጥ አድርገን እናነሳለን። በነቀላ የሚቆዩትን ሠራተኞች ቀን 500 ከምንከፍላቸው ላይ 100 ብር ጨመርንላቸው። ከአንድ ታይል ዋጋ ያነሰ ነው።

መጋቢት 27፣ ቅዳሜ

ከዒድ በኋላ የመጀመሪያው ሥራ፣ ሐረር፣ ጁገል ውስጥ፣ በግንብ በታጠረው አሮጌው ከተማ። ድንኳን የለም፣ የቤት ግቢ ነው። ኪራይ ከማጓጓዣ ጋር 14,000 ብር፣ መኪናው 5,500 ወሰደ።

በደንገጎ ዳገት ወጣን። መኪናው እስከ ፈረስ መጋላ አደባባይ ገባ። ከዚያ ወዲያ ቅያሱ ለሁለት ሰው ትከሻ እንኳ ይጠባል። ሁለት አህያ ከነነጂያቸው ተከራየን፣ 600 ብር። ታይሉ ቀላል ስለሆነ ማዳበሪያው 16 ኪሎ ገደማ ነው። አህዮቹ ሁለት ሁለት ማዳበሪያ ይዘው ሁለት ጊዜ ተመላለሱ፣ አለቀ። ብረት መድረክ ቢሆን ኖሮ ጁገል አይገባም ነበር።

ግቢው 20 በ18 ታይል ያዘ፣ 360። መሬቱ የቆየ ድንጋይ ነው፣ አንዱ ከፍ አንዱ ዝቅ። አሸዋ እናምጣ ስንል የቤቱ አባት ሐጂ ፈገግ አሉና ድንጋዩ የአያቶቻቸው መሆኑን፣ አሸዋ መገጣጠሚያው ውስጥ ከገባ ለወራት እንደማይወጣ ነገሩን። ልክ ናቸው።

ስለዚህ ያለ አሸዋ ሠራን። አሮጌ ምንጣፍ ሁለት ድርብ አነጠፍን። ዝቅ ያለው ቦታ ላይ ከመኪና ካለማዳሪ የተቆረጠ ጎማ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልን ደራረብን። በስታጃ እየለካን፣ በጉልበት እየተንበረከክን። መሬቱ ብቻ አራት ሰዓት ፈጀ። ታይሉ 40 ደቂቃ። አራት መንጠቆ ተሰበረ፣ ሁሉም ከፍ ያለ ድንጋይ ላይ ያረፉ። 980።

የሐረር ማታ ከድሬ ይቀዘቅዛል፣ በ700 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች። ሴቶቹ ባዶ እግራቸውን ሲጨፍሩ ወለሉ አልቀዘቀዛቸውም። ድንጋዩ ላይ ቢሆን ይቀዘቅዛቸው ነበር። ሐጂ ሲሸኙን በማዳበሪያ ማንጎ አስያዙን፣ ለሠራተኞቹም ለየብቻ።

ሚያዝያ 19፣ ዳግማ ትንሣኤ

ለገሃሬ፣ ሠርግ፣ 9,000 ብር። ሌሊቱን ዘነበ። ግቢው ወደ በሩ ያዘነብላል። እኛ ደግሞ ለስታጃው ብለን የበሩን በኩል በአሸዋ ከፍ አድርገን መውጫውን ዘግተንበታል። ጠዋት ስንደርስ ወለሉ ሥር ኩሬ ነው። የታችኛው ጥግ ከነጠርዙ ተንሳፍፏል። የተላቀቁ አምስት ታይሎች በበሩ ወጥተው ሄደዋል። አላገኘናቸውም። 975።

በአካፋ አንድ ክንድ ስፋት ያለው ቦይ ከወለሉ ውጪ ቆፈርን፣ ውኃው በሩብ ሰዓት ሄደ። ቀዳዳው የሚጠቅመው ለዚህ ነው፣ ላዩ ወዲያው ደረቀ። የድምፅ ሰዎቹ ግን ማታውኑ የኤሌክትሪክ ገመድ በታይሉ ሥር አሳልፈው ነበር። መጋጠሚያው ውኃ ውስጥ ተኝቷል። ጀነሬተሩ ከመነሳቱ በፊት ስላየነው ፈጣሪ ይመስገን። ገመዱን አውጥተን በምሰሶዎቹ ላይ ከፍ አድርገን አሰርነው። አሁን ከደንበኛ ጋር ስንዋዋል የምንናገረው የመጀመሪያ ነገር ይህ ነው፣ ከወለል ሥር ገመድ አይገባም።

መሬትም ሲዘጋጅ ሙሉ በሙሉ ውኃ ልክ አናደርገውም። በሜትር አንድ ሳንቲ ያህል ወደ መውጫው ያዘንብላል። እግር አይሰማውም፣ ውኃ ግን ያውቀዋል።

ግንቦት 12

ሙቀቱ ከበደ። መጋዘን ውስጥ ቦታ ስለጠበበ ሁለት ማዳበሪያ ታይል ከየካቲት ጀምሮ ጣሪያ ላይ ነበር። ማዳበሪያው ራሱ በፀሐይ ተበጣጥሶ ዱቄት ሆኗል። ላይ ላይ ያሉት ታይሎች ቀለማቸው ነጣ ብሏል፣ መንጠቆው በጣት ሲነካ እንደ ብስኩት ይሰበራል። 31 ታይል ጠፋ። በመበየጃም አይድኑም፣ ፕላስቲኩ ራሱ አርጅቷል። 944።

ይህ በኔ ስንፍና የመጣ ነው። ወንድሜ ሁለት ጊዜ አስታውሶኝ ነበር።

መጋዘኑ ውስጥ ያሉትን አስተካከልን። በፓሌት ላይ፣ ሃያ ሃያ ተደራርበው፣ በገመድ ታስረው። የታይሉ ፊት ለፊት፣ እግሩ ለእግሩ፣ መንጠቆው እንዳይጫን። ቁመቱ ከወገብ እንዳያልፍ፣ በሙቀት የታችኛው ይጎብጣል። ከላይ ሸራ። በየእስሩ ላይ በቀለም ቁጥር።

ሰኔ 4

አሁን አራት ሰው 89 ካሬ ሜትሩን መሬቱ ከተዘጋጀ በኋላ በአንድ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ያነጥፋል። ጥር ላይ አምስት ሰዓት ነበር።

ታይሉ 944 ስለሆነ የ30 በ32ቱ አይሞላም። 30 በ31 እናደርገዋለን፣ 930፣ መጠባበቂያ 14። ድንኳኑ በአንድ በኩል አንድ ጫማ ይጎድለዋል፣ እሱን በመድረኩ በኩል እናደርገዋለን።

እስካሁን ዘጠኝ ሥራ፣ ገቢ 74,000 ብር። ከዚያ ላይ መኪና፣ የቀን ሠራተኛ፣ አሸዋና እጥበት 38,000 ሄዷል። ዋናው ገንዘብ ገና ግማሹም አልተመለሰም። በዚህ አካሄድ ሁለት ዓመት ይፈልጋል። ወንድሜ 100 አዲስ ታይል እንጨምር ይላል። እኔ መጀመሪያ 32 ሴቴ ጠርዝ ማግኘት እፈልጋለሁ። አራቱም ጎን ሲዘጋ ሰው ከፈለገው በኩል ይገባል፣ የሚያደናቅፍ ጫፍ አይኖርም።

አምና ክንዳቸው የተሰበረው እናት የልጅ ልጅ ትናንት ደወለች። ለሐምሌ የምርቃት ድግስ ድንኳን ፈልጋ ነው። ወለልም እንዳለን ነገርኳት። "አያቴ ይመጣሉ" አለች። ነገ ከጋሼ ጋር ግቢውን ልናይ እንሄዳለን፣ ስታጃውን ይዘን።